ታዊ አሮጌውን ዊንዶውስ ያስጫነ ዕለት

በዚያ ዓርብ ጠዋት ከታዊ ቤት ሥር፣ ቤቱን በተሸከሙት ምሰሶዎች መካከል ባለው ጥላ፣ አራት ሰዎች ተቀምጠው ነበር። አንደኛው ራሱ ታዊ ነው፤ ለደስታውም ለሐዘኑም ሞንታርቦ እያከራየ ፀጉሩ የሸበተ ሰው። ሁለተኛዋ ሚስቱ ራምፓይ ናት። ሦስተኛው ገበያው ውስጥ ስልክ የሚጠግነው ኦት ነው፤ የራምፓይን የእህት ልጅ አግብቶ ዘመድ ሆኗል። አራተኛዋ መምህር ላማይ ናቸው። እሳቸው ከቀርከሃው አልጋ ጫፍ እግራቸውን ወደ ጎን አጥፈው ተቀምጠው፣ ማንንም ሳያናግሩ፣ አንዴ ኮምፒውተሩን አንዴ ታዊን ያያሉ።

ኮምፒውተሩ ሁለት ነበር። አሮጌው ሆዱ ተከፍቶ ምንጣፍ ላይ ተጋድሟል። ረቡዕ ዕለት እንሽላሊት በጀርባው ቀዳዳ ገብታ መብራት ከሚቀበለው ክፍል ላይ ተጠብሳ ተገኘች፤ እሷም ሞተች፣ እሱም ሞተ። ራምፓይ ነገሩ ምን ምልክት እንደሆነ ስታሰላስል ነው የሰነበተችው። ከቤት ሊወጡ ሲሉ እንሽላሊት ከጮኸች አትውጡ ይባላል፤ ተጠብሳ ከሞተች ምን እንደሚባል ግን አያቶቿ አልነገሯትም። አዲሱን ሣጥን ኦት ከባንኮክ አንድ መሥሪያ ቤት ዕቃ ሲቀይር ያመጣው ነው። ቀጭን፣ ጥቁር፣ ሲሠራ ድምፁ የማይሰማ ነው። ታዊ ዝምታውን አልወደደለትም።

ችግሩ እንዲህ ነው። የመንደራቸው ሰው የቡንማ ልጅ እሁድ ሊመነኩስ ነው፤ በአገሩ ልማድ ወንድ ልጅ ለጥቂት ጊዜ መንኩሶ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ ቅዳሜ ከሰዓት ደግሞ ከምንኩስናው በፊት ያለው ሥርዓት፣ የነፍስ ጥሪው፣ ይደረግለታል። የነፍስ ጥሪ ያለ ዘማሪ አይሆንም፤ የአካባቢው ዘማሪ ደግሞ ላማይ ናቸው። ነጭ ከለበሰው ልጅ ፊት ተቀምጠው እናቱ ስትፀንሰው፣ ስታምጠው፣ ስታጠባው ያየችውን አበሳ በዜማ ይነግሩታል። ልጁ ያለቅሳል፣ እናቱ ታለቅሳለች፣ ለሩዝ ቀቃዮቹ እንኳ አልቅሱ የሚላቸው አያስፈልግም። ድሮ ከበሮና ዋሽንት የሚያጅቧቸው ሰዎች ነበሯቸው። ሰዎቹ አንድ በአንድ አለፉ። ከዚያ ወዲህ የሚያጅባቸው የታዊ ኮምፒውተር ነው። ታዊ ዜማዎቹን ከአንድ የድሮ የሙዚቃ ፕሮግራም ውስጥ አስገብቶ፣ ድምፃቸው ከዕድሜያቸው ጋር ሲወርድ እሱም እያወረደ፣ ትንፋሽ የሚያጥራቸው ቦታ ላይ ሙዚቃው ቆም ብሎ እንዲጠብቃቸው አድርጎ አስቀምጦላቸዋል። እንዲህ ያለው ዜማ ሌላ ማንም ዘንድ የለም።

አምና ታዊ ታሞ ተኝቶ ሳለ፣ ላማይ አንድ ሩቅ መንደር ሄደው በሌላ ሰው ማሽን ዘመሩ። ሙዚቃው ከፍ ብሎ፣ ፈጥኖ፣ ጥሏቸው ሄደ። ምጡን የሚዘምሩበት ቦታ ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ተሰበረ። ጎረምሶች በስልክ ቀርፀውት ኖሮ ሳቁ ከመንደር መንደር ዞረ። ላማይ ስለዚያ ቀን ቃል ተንፍሰው አያውቁም። ግን ዛሬ ማንም ሳይጠራቸው መጥተው ቁጭ ብለዋል።

ቡንማም ቁርጡን ተናግሯል። ትናንት በሞተር ሳይክሉ መጥቶ፣ ሳይወርድ፣ አንድ እግሩን መሬት ተክሎ፣ ከሦስት ወረዳ ዘመድ እንደጠራ፣ ያለ ሙዚቃ መቅረት እንደማይችል፣ ዓርብ ተማሪዎች ከትምህርት ቤት እስኪወጡ ድረስ እንደሚጠብቅ አስረዳ። ከዚያ ካለፈ ከሱፓን ከተማ የሚመጣውን የሙዚቃ መኪና ይጠራል። የሱፓኑ መኪና ጎኑ በሙሉ ሞንታርቦ፣ ግንባሩ በሙሉ መብራት ነው። ሲያልፍ የሩዝ ማሳው ውኃ ይንቀጠቀጣል።

ኦት ነገሩን ለማስረዳት ሞከረ። የአሮጌው ኮምፒውተር ዲስክ አልተነካም፤ ዜማዎቹ በሕይወት አሉ። ግን ፕሮግራሙ ያረጀ ስለሆነ በአዲስ ዊንዶውስ አይነሳም። ስለዚህ አዲሱ ሣጥን ላይ አሮጌውን ዊንዶውስ መጫን ነው። ታዊ ይህን ሰምቶ ራሱን አከከ። አዲስ ነገር ከአሮጌ የበለጠ ያውቃል ብሎ ነበር የሚያስበው።

«ልጄ፣ አዲሱ አሮጌውን አያውቀውም ማለት ነው?»

«አሮጌው ነው አዲሱን የማያውቀው፣ አጎቴ። የጎሽ ቀንበር ትራክተር ላይ እንደማሰር በሉት።»

«ታዲያ ለምን ታስረዋለህ?»

«እሰር ስላሉኝ ነዋ።»

ኦት ዊንዶውሱን በፍላሽ ይዞ መጥቶ ነበርና ሰክቶ አስነሳው። መጀመሪያ ጥሩ ሄደ። ነጫጭ ጽሑፎች እየተከታተሉ ወረዱ፤ ታዊም ሥራው የተጀመረ መስሎት ሻይ አስቀዳ። ከዚያ ስክሪኑ በአንዴ ሰማያዊ ሆነና በላዩ ብዙ የፈረንጅ ጽሑፍ ተደረደረበት። ኦት ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ አነበበ፤ ወይም የሚያነብ መሰለ።

«ምን ይላል?» አለች ራምፓይ።

«ይቅርታ ይላል።»

«ማንን ነው ይቅርታ የሚለው?»

ኦት አጥፍቶ አስነሳው። እንደገና ሰማያዊ ሆነ። ፍላሹን ከጀርባ ነቅሎ ከፊት ሰካው። ያው ሰማያዊ። አንገቱ ላይ ላቡ ጎልቶ ታየ። ከዚያ ወደ ማንጎው ዛፍ ፈንጠር ብሎ ለአንድ ጓደኛው ደወለና ብዙ «እሺ፣ እሺ» ካለ በኋላ ተመለሰ። ነገሩ ቀላል ነው አለ። አሮጌው ዊንዶውስ ሲሠራ እንዲህ ያለ ዲስክ ገና አልተፈጠረም ነበር፤ ስለዚህ ዲስኩ ፊቱ ተደቅኖ ሳለ አያየውም። ሣጥኑ ገና ሲነቃ የሚከፈት አንድ የማስተካከያ ገጽ አለ፤ እዚያ ተገብቶ ዲስኩ የድሮ ዲስክ መስሎ እንዲቀርብ ይታዘዛል።

«እንዲዋሽ ነው የምታደርገው?» አለ ታዊ።

«ትንሽ።»

ራምፓይ ዛሬ የጾሙ ቀን መሆኑን አስታወሰች። ጠዋት ገዳም ሄዳ ላለመዋሸት ቃል ገብታ የተመለሰችው ገና አሁን ነው። ኦት ውሸቱ የእሱ እንጂ የእሷ እንዳልሆነ አረጋግጦላት ገጹን ከፈተ። ሣጥኑ መጋዘን ውስጥ ከርሞ ውስጡ ያለችው ትንሽ ባትሪ አልቃ ስለነበር ኦት በአዲስ ተክቷት ነበር፤ ገጹም ከሁሉ በፊት የዛሬን ቀን ጠየቀው። ራምፓይ ገዳሙ ያደለውን የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ አይታ ቀኑንና ወሩን ነገረችው። ለዓመቱ የተተወው ቦታ የሁለት ቁጥር ብቻ ነበር። በአገሩ አቆጣጠር ዓመቱ ሁለት ሺህ አምስት መቶ ስልሳ ስምንት ነውና ኦት ስልሳ ስምንት ብሎ ሞላ። የሚያከራክር ነገር አልነበረውም። ከዚያ ዲስኩን እንዲዋሽ አዘዘው፤ ወጣና አስነሳው።

በዚህ ጊዜ ሰማያዊው ቀረ። ጭነቱ ግማሽ፣ ከግማሽም በላይ ሄደ። ታዊ ፊቱ በራ። ላማይም ወደ ስክሪኑ ጠጋ አሉ። ቀጥሎ ሣጥኑ ስም ጻፉልኝ የሚል ገጽ አወጣና ኪቦርዱም ማውሱም በአንድ ጊዜ ሞቱ። የማውሱ ቀይ መብራት ጠፋ። ኦት ማውሱን አንስቶ አራገበው፣ ገልብጦ ሆዱን አየው፣ እፍ አለበት።

«በቃ፣ አፉንም እጁንም ነሣን» አለች ራምፓይ። «ስም ጻፉልኝ ይልና እጅ ያስራል። እንደ ወረዳው ጸሐፊ።»

ይህን ጊዜ ላማይ ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገሩ። አሮጌውን ኮምፒውተር በአገጫቸው አመለከቱ። ግንባሩ ላይ የገዳሙ አለቃ በነጭ ዱቄት የቀቧቸው ሦስት ነጠብጣቦች አሁንም ይታያሉ፤ ጎኑ ላይ የደረቀ የአበባ ጉንጉን ተንጠልጥሏል።

«አስፈቅዳችሁታል?» አሉ።

 ማንም አላስፈቀደውም። ዜማ የተቀመጠበት ዕቃ የሚጠብቀው የመምህር መንፈስ አለው፤ ከበሮ እንኳ ከግድግዳ ሲወርድ እጅ ይነሡታል። እነሱ ግን ሆዱን በመፍቻ ከፍተው ዲስኩን መንጭቀው ወስደዋል። ታዊ ደነገጠ። ራምፓይ ወዲያው ጥግ ካለው ሱቅ ለመባ የሚሆን ቀይ ለስላሳ ከነመምጫው፣ አንድ እፍኝ አበባም ጨምራ አመጣች። ታዊ ከሞተው ኮምፒውተር ፊት ተንበርክኮ መዳፎቹን ገጥሞ፣ በጭንቀት ነው እንጂ በንቀት እንዳልሆነ፣ ዜማዎቹን ወደ አዲስ ቤት ማዛወር እንደሚፈልግ፣ መምህሩም አብሮ እንዲዛወር በትሕትና ለመነ።

እሱ ሲለምን ኦት በሞተር ሳይክል ወደ ቆራሌው ግቢ ሄዶ ነበር። ከዚያ ክብ መሰኪያ ያለው፣ ግማሽ ፊደሉ የተፋቀ አሮጌ ኪቦርድ ይዞ ተመለሰ። ከሣጥኑ ጀርባ አንድ ክብ ቀዳዳ አለች፤ ባንኮኮች ለምን እንደተዉአት ማንም አያውቅም። ሰካው። ፊደል ሲነካ ፊደል ስክሪኑ ላይ ወጣ።

ራምፓይ የቀዩ ለስላሳ ሥራ ነው አለች። ኦት አዲሶቹ ቀዳዳዎች ለአሮጌው ዊንዶውስ ባዕድ ስለሆኑ ክቧ ቀዳዳ ነች የታደገችን አለ። ታዊ የትኛውን እንደሚያምን ግራ ገባው፤ ቢቸግረው ሁለቱንም አመሰገነ።

ከምሳ በኋላ አሮጌው ዊንዶውስ ታዊ በሚያውቀው መልኩ በአዲሱ ስክሪን ላይ ብቅ አለ። ሥዕሉ ወደ ጎን ተለጥጦ ነበር፤ ወፍሮ ከከተማ የተመለሰ ዘመድ ይመስላል። ኦት የአሮጌውን ዲስክ በገመድ አገናኝቶ ፕሮግራሙንና ዜማዎቹን አሻገረ። ፕሮግራሙ ያለ ቁልፍ አይከፈትም፤ ቁልፉ አውራ ጣት የምታክል፣ ከኮምፒውተሩ ጀርባ በአሮጌው የአታሚ ቀዳዳ የምትሰካ፣ ሻጩ በየዓመቱ የሚያድሳት ነገር ናት። ታዊ ራሱ ሰካት። ራሱ ፕሮግራሙን ነካው። ስክሪኑ ላይ ትንሽ መስኮት መጣችና በእነሱው ቋንቋ፣ በትሕትና፣ እንዲህ አለች፦ የመጠቀሚያ ጊዜዎ አልፏል፤ እባክዎ ሻጩን ያነጋግሩ።

ታዊ ሁለቴ አነበበው። ቁልፉን ያሳደሰው በአዲስ ዓመት፣ ሰው ውኃ ሲረጫጭ ነው። ገና ዓመቱ አላለቀም። ለሻጩ ሱቅ ደወለ። አንዲት ልጅ አነሳችና የቁልፉን ቁጥር ተቀብላ፣ ፈልጋ፣ መብቱ እስከ ዓመቱ መጨረሻ የጸና መሆኑን ነገረችው። ታዊ ኮምፒውተሩ ግን አልፏል እንደሚል ነገራት። እሷም አላለፈም አለች። እሱም ለኮምፒውተሩ አላለፈም ብሎ ሊነግረው እንደማይችል ነገራት። ነቅለው እንደገና ይጫኑት ተባለ። ነቅለው ጫኑት። አልፏል አለ።

አሁን ታዊ ነገሩ ሁሉ ተምታታበት። የተቃጠለው ኮምፒውተር ረቡዕ ባይቃጠል ኖሮ ይሠራ ነበር፤ ያው ቁልፍ፣ ያው ፕሮግራም፣ ያው ዊንዶውስ። ሁሉ ነገር ያው ሆኖ ሳለ ምኑ ነው ያለፈው? መምህሩ አልተዛወረም ይሆን? ወይስ ዲስኩ መዋሸት ጀምሮ በዚያው ለመደው?

የተማሪዎቹ ብስክሌት ደወል በመንገዱ ላይ ተሰማ። ብዙም ሳይቆይ ቡንማ መጣ። ዛሬ ከሞተሩ ወረደ። ስክሪኑን አየ፣ ላማይን ሊያይ ብሎ ዐይኑን መለሰ። ታዊን ምንም አልወቀሰውም፤ ጀርባውን ሰጥቶ ወደ አጥሩ ሄዶ በስልክ ሲነጋገር ግን ሱፓን የሚለው ቃል ለሁሉም ተሰማቸው።

ላማይ ተነሥተው ቀሚሳቸውን አራገፉ። ነጠላ ጫማቸውን በእግራቸው ፈልገው አገኙ።

«አልዘምርም አልልም» አሉ። «ልጁ ምን አጠፋ? እዘምራለሁ። ድምፄ ከተሰበረም ይሰበር፤ ታዊ፣ አንተ ግን በዚህ እንዳታዝን።»

 ታዊ ስልኩን አንሥቶ ያችኑ የሱቁን ልጅ መልሶ ደወለላት። ምን ብሎ እንደሚጀምር እንኳ አላሰበም። ልጅቷ ድምፁን ሰምታ ነው መሰል አልቸኮለችበትም። ከስክሪኑ ግርጌ ካለው ሰዓት ላይ የማውሱን ቀስት ያሳርፉ አለችው። ማውስ የላቸውም። ኦት በኪቦርዱ ዞሮ ዞሮ የቀን መቁጠሪያውን ከፈተው፤ ታዊም በስልኩ ውስጥ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበላት።

«ቀኑ ልክ ነው። ወሩም ልክ ነው። ዓመቱ … ሁለት ሺህ ስድስት መቶ ዐሥራ አንድ።»

«ስንት?» አለች ራምፓይ።

ልጅቷ ሳቋን እየዋጠች ሣጥኑ መጀመሪያ ሲጠይቃቸው ዓመቱን ስንት ብለው እንደሞሉ ጠየቀች።

«ስልሳ ስምንት። ሌላ ምን ይሞላል?»

«አጎቴ፣ ሣጥኑ ሲጠይቅ የፈረንጆቹን ዓመት ነው የሚቀበለው፤ ከዚያ ራሱ ወደኛው ይለውጠዋል። ሃያ አምስት ይበሉት።»

ታዊ ስልኩን ከጆሮው አርቆ አየው፤ መልሶም ለጠፈው።

«ልጄ፣ ሃያ አምስት እኮ እኔ ራሴ የመነኮስኩበት ዓመት ነው።»

«የእርስዎ ሃያ አምስት አይደለም። የእነሱ ሃያ አምስት።»

«የእነሱ ሃያ አምስት መቼ ነው?»

«ዘንድሮ።»

«የኛ ስልሳ ስምንትስ?»

«እሱም ዘንድሮ።»

 ስልሳ ስምንት ሲሉት ስድስት መቶ ዐሥራ አንድ የገባ ማሽን፣ ሃያ አምስት ሲሉት የት እንደሚገባ ታዊ ሊያስበው ፈራ። አርባ ሦስት ዓመት ወደ ፊት ከሄደ አርባ ሦስት ዓመት ወደ ኋላ መሄዱም አይቀርም፤ እዚያ ደግሞ ኮምፒውተር የሚባል ነገር የለም። ራምፓይ ግን ነገሩን በራሷ መንገድ ጨርሳው ነበር።

«ማሽኑ እኮ እውነቱን ነው» አለች። «እስከዚያ እኔም አንተም ሞተናል። ለሞተ ሰው ማን ያድሳል?»

ኦት አንገቱን ደፍቶ፣ ጆሮው ቀልቶ፣ ሃያ አምስት ብሎ ሞላ። የኮምፒውተሩ ቀን መቁጠሪያ ሁለት ሺህ አምስት መቶ ስልሳ ስምንት አለ። ታዊ ይህን ሲያይ ጭራሽ ግራ ገባው፤ ሲጽፉት የነበረውን ዓመት ለማግኘት የማይጽፉትን መጻፍ ነው ማለት ነው። ግን ፕሮግራሙን ነካው፤ ተከፈተ። የዜማዎቹ ስም ተደርድሮ ወጣ። ምጥ የሚለውን ነካ።

ሙዚቃው ከቤቱ ሥር ዝቅ ብሎ፣ ዝግ ብሎ ፈሰሰ። ላማይ መንገዱ ጋ ደርሰው ነበር፤ ቆሙ። ፊታቸውን ሳይመልሱ አብረው አንጎራጎሩ። ትንፋሽ የሚያጥራቸው ቦታ ላይ ደርሰው ዝም ሲሉ ሙዚቃውም ቆም ብሎ ጠበቃቸው። ትንፋሽ ስበው ቀጠሉ። ቡንማ ስልኩን እንደያዘ ቀረ።

ከዚያ በኋላ ነው ጭቅጭቁ የመጣው። የሱፓኑ መኪና ተነሥቷል፤ ድልድዩንም አልፏል። ባለመኪናው የቡንማ ሚስት ዘመድ ነው፤ ለምንኩስና ድግስ የተጠራን ሰው ከመንገድ መመለስ ነውር ነው። ታዊን መተውም አሁን ነውር ሆነ። ራምፓይ አንድ ድግስ ላይ ሁለት ሞንታርቦ ከቆመ መነኩሴው ሳይሆን ጎረቤቱ ነው ዓለምን የሚተወው አለች። ቡንማ ለሁለቱም ወገን ይቅርታ እየጠየቀ ማንን እንደበደለ ለራሱም ጠፋው።  ታዊ የራሱን ሞንታርቦዎች እያየ ነበር፤ በገዛ እጁ ቀለም ቀብቶ ስሙን የጻፈባቸው ናቸው።

በመጨረሻ የቆረጡት ላማይ ናቸው። «ጩኸቱ የፈለገው ሰው ይሁን» አሉ፤ «ዜማው የታዊ ይሁን።»

ምሽት ሳይሆን መኪናው ደረሰ። ባለመኪናው ወጣት፣ ጥቁር መነጽር ያደረገ፣ ጨዋ ልጅ ነው። ወርዶ ለላማይ እጅ ነሣ፤ የታዊን ሣጥንና ግማሽ ፊደል የሌለውን ኪቦርድ ሲያይ ሳቁ መጣና ታዊን አይቶ ተወው። ሣጥኑን ከመኪናው ሞንታርቦ ጋር የሚያገናኘው ገመድ አልገጠመም። ኦት ሌላ ገመድ ቆርጦ ገጠመው። ታዊ ሣጥኑን ታቅፎ ወደ ሰው መኪና ወጣና ባለመኪናው ባሳየው ጠባብ ቦታ ተቀመጠ። ተቀጥሮ እንደሆነ ወይስ ተሽሮ ለራሱም አልገባውም። ራምፓይን ቢጠይቃት ትነግረው ነበር፤ ግን አልጠየቃትም።

ቅዳሜ ከሰዓት መምህር ላማይ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ዘመሩ፤ ድምፃቸው አልተሰበረም። የታዊ ሞንታርቦዎች ከቤቱ ሥር ቆዩ። የቡንማ ልጅ እሁድ ረፋድ ላይ መነኮሰ።